ስኳር የሚያነበው መሣሪያ ውሃውን ማንበብ ለምን አቃተው?

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ጣታቸውን ተወግተው አንዲት ጠብታ ደም ሰጡ። ወጣቷ ባለሙያ ጠብታዋን ከስስ ቁራጭ ጫፍ አስነካች፤ መዳፍ የማትሞላው መሣሪያ ድምፅ አሰምታ ቁጥር አወጣች። ሁሉም ነገር ጥቂት ሰከንድ ነው የወሰደው። አዛውንቱ ግን ቁጥራቸውን ሰምተው አልተነሡም። ከነጠላቸው ሥር በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ውሃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከሽንኩርት ማሳ በታች ከተቆፈረ ጉድጓድ የተቀዳ ነው። «ልጄ፣ ደሜን እንዲህ ቶሎ ካየችው ውሃዬን ማየት ምን ያቅታታል?» አሉ። ልጅቷ ፈገግ ብላ «እርሷ ከስኳር በቀር የምታውቀው የለም፣ አባባ» አለችና ጠርሙሱን መለሰችላቸው።

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስመለስ ነው ሳቁ የጠፋብኝ። አዛውንቱ የጠየቁት የኬሚስትሪ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ የደከሙበትን ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድሪያስ ማንዝና ባልደረቦቹ ናሙና መቀበሉን፣ ማጥራቱን፣ መለየቱንና መለካቱን በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ውስጥ የመጠቅለልን ሐሳብ ይዘው ከቀረቡ ወዲህ፣ መላው ላቦራቶሪ ኪስ ውስጥ ሊገባ ነው ሲባል ኖሯል። ኪስ ውስጥ የገባው ግን በአብዛኛው የመጨረሻው ሥራ፣ ማለትም መለካቱ ብቻ ነው። ማጥራቱ አሁንም ጠረጴዛ፣ አሲድና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ነገሩ ለሰሜን ሸዋ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚፈስሰውን ውሃ ቢከተሉት በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ሮቢንና አታዬን ይዞ ወደ አዋሽ ነው። በአንድ ወገን ደብረ ብርሃን አለች፤ ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ዘመን ተነሥታ ቢራ ጠማቂዎችና ኢንዱስትሪ ፓርክ የሰፈሩባት፣ የበሬሳ ወንዝም የሚያልፍባት ከተማ። በሌላው ወገን ቀወት አለ፤ በመስኖ ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት፣ ፀረ ተባይ የሚረጭ ቆላ። ውሃው ተበክሏል ብዬ አልጽፍም፤ እንዲህ ለማለት መለካት ያስፈልጋልና። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የጠረጠረ ሰው ሁሉ ጠርሙሱን ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ ካለበት፣ አብዛኛው ሰው ጥርጣሬውን ይዞ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የስኳሩን መሣሪያ ነገር እንይ። በጤነኛ ሰው ደም አንድ ሊትር ውስጥ አንድ ግራም ገደማ ስኳር አለ። ሌላንድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1962 ስኳርን ብቻ የሚይዝ ኤንዛይም (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ከኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከሚያስገባና ከሚያስወጣ ጫፍ ጋር አጋብቶ መንገዱን ከፈተ። ኤንዛይሙ ከተትረፈረፈው ደም መካከል ስኳሩን መርጦ ይነካል፤ በዚያ ሂደት የሚለቀቁት ኤሌክትሮኖች እንደ ኤሌክትሪክ ጅረት ይቆጠራሉ። መራጩም ቆጣሪውም እዚያችው ቁራጭ ላይ ናቸው፤ የሚፈለገውም ነገር ብዙ ነው። መሣሪያው የተሳካለት በብልሃቱ ብቻ አይደለም፤ ቀላል ጥያቄም ስለደረሰው ነው።

አሁን ሊድ የሚባለውን የእርሳስ ብረት እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) ነው። ከደም ስኳር ጋር ሲነጻጸር መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለጆሮ ስለማይጨበጥ በምንጃር ጤፍ ልተካው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ በአንድ ኩንታል ውስጥ ሦስት መቶ ሚሊዮን ያህል ፍሬ አለ። በሊትር 10 ማይክሮግራም ማለት ከዚያ ኩንታል ውስጥ ሦስት ፍሬ ብቻ ሌላ ዘር ሆኖ መገኘት ነው። ሦስቱን ፈልጉ ቢባል የትኛዋም ባለሙያ ሴት ኩንታሉን ፍሬ በፍሬ አትቆጥርም። ወንፊትና ሰፌድ ታነሣለች። ማንጓለል፣ መንፋት፣ ማበጠር፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓይን የሚሠራው። በኬሚስትሪም ዓይን የሆነው ኤሌክትሮድ ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ ወንፊቱ ነው የጎደለን።

መሣሪያን ማሳነስ ራሱ ይህን ችግር በአንድ በኩል ያቃልለዋል፤ በሌላ በኩል ያባብሰዋል። በረጋ ውሃ ውስጥ አንዲት የእርሳስ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከመች የእርሳስ ቅንጣት፣ በራሷ መዋዠቅ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመራቅ ግማሽ ቀን ገደማ ይወስድባታል። ርቀቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ከሆነ አምስት ሰከንድ ያህል ይበቃታል። ርቀቱ መቶ ጊዜ ሲያጥር ጊዜው አሥር ሺህ ጊዜ ያጥራልና። ስለዚህ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቦይ ውስጥ ነገሮች ቶሎ ይገናኛሉ፤ ማማሰያ አያስፈልግም፤ ኬሚካልም አይባክንም። ነገር ግን በዚያ ቦይ ውስጥ የገባው ውሃ አንድ ማይክሮሊትር (የሊትር ሚሊዮንኛ) ብቻ ቢሆን፣ በገደቡ ልክ የያዘው እርሳስ የአንድ ግራም መቶ ቢሊዮንኛ ነው። አንድም ሳይቀር ተይዞ ኤሌክትሮን ቢለዋወጥ እንኳ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከአንድ ኩሎምብ (የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ) መቶ ሚሊዮንኛ ያንሳል። ትንሽ ውሃ የያዘ ትንሽ መሣሪያ የሚቆጥረው ያጣል። መፍትሔው ከብዙ ውሃ የተሰበሰበውን ጥቂት ነገር ወደ ትንሿ ቦይ ማስገባት ነው። ቅቤም እንደዚሁ ነው የሚወጣው፤ ቅል ሙሉ ወተት ተንጦ በእፍኝ የሚያዝ ይገኛል።

ኤሌክትሪክ ይህን መናጥ ራሱ እንደሚችል ማየት ነው የዚህ ሁሉ ነገር ውበቱ። ሲለኩበት የኖሩት ኤሌክትሮድ ሰብሳቢም ይሆናል። ዘዴው እንዲህ ነው። ውሃው ውስጥ የተነከረው ኤሌክትሮድ ከዜሮ በታች፣ ማለትም ወደ አሉታዊው ወገን ከአንድ ቮልት ጥቂት አለፍ ተደርጎ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል። ወደ እርሱ የደረሰች የእርሳስ አዮን ሁለት ኤሌክትሮን ተቀብላ ብረት ትሆንና ገጹ ላይ ታርፋለች። ዚንኩም፣ ካድሚየሙም፣ መዳቡም እንዲሁ ይሳፈራሉ። ከዚያ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ወደ አዎንታዊ ይነሣል፤ ተሳፋሪዎቹም እያንዳንዳቸው በየፌርማታቸው ይወርዳሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ እንደሚሄድ አውቶቡስ ነው፤ ዚንክ ደብረ ብርሃን ላይ ቀድሞ ይወርዳል፣ ካድሚየም ደብረ ሲና፣ እርሳስ ሸዋ ሮቢት፣ መዳብ አታዬ። በየፌርማታው ጅረቱ ብድግ ይልና ይመለሳል። የት እንደ ተነሣ ማን እንደ ወረደ ይነግራል፤ ምን ያህል እንደ ተነሣ ስንት እንደ ወረዱ ይናገራል። አውቶቡሱ መናኸሪያ ላይ በቆየ መጠን ብዙ ይጭናልና፣ ሰብሳቢው ኤሌክትሮድ ደቂቃዎችን በጨመረ ቁጥር ጥቂቱ ይበዛል።

ዘሩ የቆየ ነው። ቼኩ ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ከሚንጠባጠብ ሜርኩሪ ኤሌክትሮድ ሠርቶ ጅረትን ከቮልቴጅ ጋር ማንበብ ጀመረ፤ በ1959 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሜርኩሪ ብረቶችን አሟምቶ በመያዝ አቻ አልነበረውም። ግን መርዝ ነው። የውሃን መርዝ ለመለካት ሌላ መርዝ ይዞ ገጠር መግባት የማይዋጥ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የጆሴፍ ዋንግ ቡድን በካርቦን ላይ የተለበጠ ስስ የቢስመዝ ሽፋን ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ አሳየ። ቢስመዝ ለጨጓራ በሚታዘዙ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገባ፣ ከሜርኩሪ ጋር ሲተያይ ገራም ብረት ነው። ካርቦኑም ቢሆን ዛሬ በቲሸርት ላይ ጽሑፍ በሚታተምበት ዘዴ፣ ቀለሙ በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ ተገፍቶ በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ይታተማል። የስኳሩም ቁራጭ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያምራል። ንጹሕ ውሃ ባለበት።

ሐምሌ ላይ በሬሳን ያየ ሰው ውሃ ሳይሆን የሚሄድ አፈር ነው የሚያየው። እርሳስ ደግሞ ጭቃ ይወዳል፤ ከሸክላ አፈር ቅንጣትና ከበሰበሰ ቅጠል ከሚወጣው ቡናማ አሲድ ጋር ይጣበቃል። ኤሌክትሮዱ የሚያየው ነጻ የሆነውን አዮን፣ ቢበዛም በቀላሉ የሚላቀቀውን ብቻ ነው። የታሰረው በፊቱ ያልፋል፤ አይቆጠርም፤ ጠጪው ሆድ ውስጥ ገብቶ በጨጓራ አሲድ ሲፈታ ግን ይቆጠራል። በዚያ ላይ ወንዝ ዳር ልብስ ይታጠባል። የሳሙናው ቅባት የኤሌክትሮዱን ገጽ እንደ ጥቀርሻ ይሸፍነዋል፤ ጅረቱም ያንሳል። የከፋው ነገር መሣሪያው «አላየሁም» አይልም፤ «የለም» ይላል። ሁለቱ መልሶች በሰሌዳው ላይ አንድ ዓይነት ዜሮ ናቸው።

በላቦራቶሪ ይህ ችግር በጉልበት ይፈታል። ናይትሪክ አሲድ ይጨመራል፣ ይፈላል፣ ይጣራል፣ ይቀዘቅዛል። ያንን አሲድ በጠርሙስ ይዞ ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚኒባስ መሳፈር ለማንም አልመክርም።

የቅርቡ ምርምር የሚማርከኝ እዚህ ላይ ነው፤ አሲዱን መሸከም ቀርቶ እዚያው በኤሌክትሪክ መሥራት ይቻላል። ኤሌክትሮድ በበቂ አዎንታዊ ቮልቴጅ ሲያዝ ውሃን ይሰነጥቃል፤ ኦክስጅን ይወጣል፣ የሃይድሮጅን አዮን ይቀራል፤ ይህም አሲድ ነው። በትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ከሆነ ተበትኖ ይጠፋል። በፀጉር ውፍረት ቦይ ውስጥ ግን መላው ውሃ በአጭር ጊዜ ይኮመጥጣል፤ በደካማ ማሰሪያ የተያዘው እርሳስም ይለቀቃል። አጠገቡ ያለው ኤሌክትሮድ ይሰበስበዋል። የመሣሪያው ማነስ ጥቅም የሆነበት አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከኦስሎ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስቲግ ፔደርሰን ቢየርጎርድና ክኑት ራስሙሰን ቀዳዳ ያለውን ቀጭን የፕላስቲክ ሽፋን በዘይት መሰል ፈሳሽ አርሰው በአንድ ወገን ናሙናውን፣ በሌላው ወገን ጥቂት ማይክሮሊትር ንጹሕ ፈሳሽ አደረጉ። ከዚያ በሁለቱ ወገን ኤሌክትሮድ ተክለው 300 ቮልት ሰጡ። አዎንታዊ አዮን የሆኑ የመድኃኒት ሞለኪውሎች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዘይቱን ሰንጥቀው ወደ ንጹሑ ወገን ተሻገሩ። ፕሮቲኑ፣ ቆሻሻው፣ ኤሌክትሪክ ያልያዘው ሁሉ እዚያው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቡድን ውስጥ በተራ ባለ 9 ቮልት ባትሪ እንደሚሠራ ታየ፤ ሌሎችም ለእርሳስ አዮን ሞከሩት። ከጥቂት ሚሊ ሊትር ናሙና ወደ ጥቂት ማይክሮሊትር መሰብሰብ ማለት ማጥራትና ማብዛት በአንድ ጊዜ ሆነ ማለት ነው፤ ጠላ ጠልሎ በዚያው ወደ አረቄ እንደ መለወጥ። የባትሪው ነገር ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ቀላል ዜና አይደለም።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ውሃን የሚሰነጥቅ ኤሌክትሪክ አረፋ ያወጣል፤ አረፋም ቀጭን ቦይን እንደ ቡሽ ይወትፋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያው ጋዝ እዚህ ሰፋ ያለ አረፋ ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ በባሕር አጠገብ ከተማ የተፈተነ መሣሪያ እዚህ ሲመጣ ለምን እንደሚያስቸግር አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱም አለ። በኤሌክትሮድ ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ከሙቀት ጋር ይሄዳል፤ ለፍሎራይድና መሰል አዮኖች መጠኑ አሥር እጥፍ ሲለወጥ ንባቡ በ25 ዲግሪ 59 ሚሊ ቮልት፣ በ10 ዲግሪ 56፣ በ35 ዲግሪ 61 ሚሊ ቮልት ገደማ ይለወጣል። አንድ ሚሊ ቮልት ስሕተት ደግሞ በውጤቱ ላይ አራት በመቶ ያህል ነው። ደብረ ብርሃን በብርድ ጠዋት ተስተካክሎ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የወረደ መሣሪያ ከሰዓት በኋላ ሌላ አገር ነው ያለው። እዚያው እንደገና ካልተስተካከለ ቁጥሩን ማመን ከባድ ነው።

ስለ ማመን ካነሣን የማርሱን ታሪክ ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ አርፋ አፈሩን በትንሽ የውሃ ዕቃ በጥብጣ በኤሌክትሮዶች ለካች። ናይትሬትን እንዲለይ የተሠራው ኤሌክትሮድ ከመጠን ያለፈ ምላሽ ሰጠ። ናይትሬት ነው ቢባል ኖሮ የአፈሩ ክብደት ከሚፈቅደው በላይ ይሆናል። የተገኘው ፐርክሎሬት ነበር፤ ያ ኤሌክትሮድ ከናይትሬት ይልቅ እጅግ አብልጦ የሚወደው አዮን። ኤሌክትሮድ የሚመልሰው ለጠየቁት አይደለም፤ ለሚያፈቅረው ነው። በማዳበሪያ ሥጋት በአንድ ወረዳ ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት ለመለካት የሚወርድ ባለሙያም ክሎራይድ የበዛበት ውሃ ያንኑ ኤሌክትሮድ ሊያሳስተው እንደሚችል ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ከቀላሉ ጥያቄ መጀመር ነው። ምንጃር ሸንኮራ ወደ ስምጥ ሸለቆው ጫፍ የሚወርድ አገር ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ የታወቀ ጣጣ ነው፣ የልጆችን ጥርስ ያቡናል፣ ሲበዛ አጥንት ያጎብጣል። የሚፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከእርሳሱ ገደብ ጋር ሲተያይ 150 እጥፍ። ስለዚህ ማብዛት አያስፈልገውም። ከላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል የሚሠራው ኤሌክትሮድ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ፤ አሉሚኒየምና ብረት የያዙትን ፍሎራይድ የሚያስለቅቅ ማስተካከያ ፈሳሽ ከተጨመረበት በመስክ ላይ በደንብ ይሠራል። ይህን ለመለካት አዲስ ምርምር መጠበቅ ሰበብ ነው።

የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ከሁሉም የከበደው ነው፤ እርሳቸው የፈሩት ፀረ ተባዩን ነው። ለዚህም የታወቀ መንገድ አለ። በርካታ ነፍሳት ገዳይ ኬሚካሎች አሴቲልኮሊን ኢስቴሬዝ የተባለውን የነርቭ ኤንዛይም ያፍናሉ፤ ያንን ኤንዛይም በኤሌክትሮድ ላይ አስቀምጦ ምን ያህል እንደ ታፈነ መለካት ይቻላል። ነገር ግን «አንድ አፋኝ አለ» ይላል እንጂ የቱ እንደሆነ አይናገርም፤ በሌላ መንገድ የሚገድሉትን ደግሞ ጭራሹን አያያቸውም። ኤንዛይሙም ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ መብራት ጠፍቶ አንድ ቀን ቢያልፍ መሣሪያው ሁሉንም ውሃ መርዝ ነው ማለት ሊጀምር ይችላል።

መሣሪያ ሲገዛም የምናየው ሣጥኑን ነው። ሣጥኑ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ቁራጩ፣ ማስተካከያ ፈሳሹ፣ የኤሌክትሮዱ መሙያ በየወሩ ነው። ሁለተኛው ሲያልቅ የመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጌጥ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ጌጥ በአንድ ሁለት ቢሮ አይቻለሁ። በካርቦን ቀለም ቁራጭ ማተም ቲሸርት የሚያትም ወጣት የሚችለው እጅ ነው፤ ከጎኑ ቀለሙንና ጥራቱን የሚቆጣጠር ኬሚስት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለቱን ማገናኘት ሌላ ሣጥን ከማስመጣት ይረክሳል ባይ ነኝ።

ስለ ናሙናው ይህን ያህል የማወራው ራሴ ስለ ተታለልኩበት ነው። ባለፈው ዓመት የዘመዶቼን የጉድጓድ ውሃ በታጠበ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀድቼ፣ የሚሄድ ሰው እስካገኝ አንድ ሳምንት መስኮት ላይ አስቀምጬ፣ ወደ ዋና ከተማ ላክሁ። ወረቀቱ ሲመጣ በእርሳስ ትይዩ «አልተገኘም» ይላል። ቤተሰቡ ደስ አለው፤ ወረቀቱን ከልጆቹ የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። አሲድ ባልተጨመረበት ውሃ ውስጥ እርሳስ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር እየተጣበቀ እንደሚቀር የተማርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ላቦራቶሪው የለካው የተላከለትን ውሃ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ግን ምናልባት ከጣልሁት ጠርሙስ ጋር ሄዷል። ወረቀቱ አሁንም እዚያው ተለጥፏል። የጠርሙሱን ነገር ገና አልነገርኋቸውም።